ስላቅ በጥቁር ሕዝቦች ፊልም

ስላቅ የሳቅ መፍጠሪያ ብቻ አይደለም። ግፍ በጌጥ ተሸፋፍኖ መድረክ ላይ ሲወጣ ሽፋኑን ገልጦ የሚያሳይ የትግል መሣሪያም ነው። ጥቁር የፊልም ከያንያን ይህን መሣሪያ ያነሡት በራሱ በመዝናኛው ኢንዱስትሪ ላይ ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው ጥቁሩን ሕዝብ ሰነፍና ሞኝ አስመስለው ይጫወቱ ነበር። ሆሊውድም ይህንኑ ወርሶ ለጥቁሩ ተዋናይ በመጀመሪያ የአሽከርነትን፣ ኋላም የወንበዴነትን ሚና ደለደለለት።

ይህን ከተቃወሙት አንዱ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቺካጎ ትወና፣ በሎስ አንጀለስም ፊልም ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራው «አወር ግላስ» የተሰኘ አጭር ፊልም፣ ለነጭ ተመልካች መደሰቻ የሚሮጥ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የፍራንዝ ፋኖንን ሥራዎች እያነበበ ስለ ሚናው መጠየቅ ሲጀምር ያሳያል። ፊልሙ አያስቅም፤ ጥያቄው ግን ኋላ ስላቀኞቹ ያነሡት ነው፤ የሚዝናናው ማን ነው? መዝናኛ የሚሆነውስ?

እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ታውንሰንድ ወጪውን በከፊል በዱቤ ካርድ ሸፍኖ በሠራው «ሆሊውድ ሸፍል»፣ ጥቁር ተዋንያን «እንደ ጥቁር መናገርን» ከነጭ መምህራን ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የስፓይክ ሊ «ባምቡዝልድ» ደግሞ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጸሐፊ ከሥራ ለመባረር ሲል ያን አሮጌ ፊት የማጥቆር ትርኢት ያቀርባል፤ ትርኢቱ ግን ተወዳጅ ሆኖ ያርፋል። እዚህ ላይ ስላቁ ተመልካቹንም አይምርም።

ይሁንና ገበያው በራሱ ላይ የተሰነዘረውን ስላቅ ሳይቀር ገዝቶ ይሸልማል። የመጻሕፍቱን ገበያ የተሳለቀው የኮርድ ጄፈርሰን «አሜሪካን ፊክሽን» እ.ኤ.አ. በ2024 ኦስካር ማግኘቱ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ስላቅ ብቻውን አይበቃም፤ የማምረቻውና የማሳያው መንገድም በከያኒው እጅ መግባት አለበት። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን «ሳንኮፋ» አከፋፋዮች ሲገፉበት፣ ፊልሙን ራሱ ከከተማ ከተማ ይዞ እየዞረ ለሕዝብ ማሳየቱ ከስላቅ የሚቀጥለው እርምጃ ነው።

ትምህርቱ ለእኛም ቅርብ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰለፉ ካሜራው ብዙ ነው፤ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚዘልቀው እንግዳም ካሜራውን ይዞ ነው። ፈረሰኛው ለሌላው ዓይን ማስዋቢያ እንዳይሆን ታሪኩን በራሱ አንደበት የሚተርክ፣ ሲያስፈልግም በራሱ ላይ የሚስቅ ፊልም ከአካባቢው ልጆች ይጠበቃል።