ሦስት መንግሥት ያሰራቸው የኮልፌ አስተማሪ

የኮልፌ ልጅ እንግዳ ሲመጣበት የሚያሳየው አያጣም። አጠና ተራን ያሳያል፣ 18 ማዞሪያን ያሳያል፤ ፈጥኖ ደራሽ ጋ ሲደርስ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማንዴላ የሰለጠነው እዚህ ነው!» ይላል። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ባለፈው ግን ታክሲ ውስጥ እንዲሁ ስጎርር ታናሽ እህቴ «እና ማን ነው ያሰለጠነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ፖሊሶች ናቸዋ» አልኳት።

«ስም የላቸውም?»

ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበትን ታሪክ ለካ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው።

ስም አላቸው። ታደሰ ብሩ ይባላሉ፤ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት። ታሪካቸውን ሳነብ በጣም የገረመኝ ማዕረጋቸው ሳይሆን እስራቸው ነው። ጣሊያን አስሯቸዋል፣ ጃንሆይ አስረዋቸዋል፣ ደርግም አስሯቸዋል። ከሦስተኛው አልወጡም።

ታደሰ የሰላሌ ሰው ናቸው። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ገና ልጅ ነበሩ፤ በዚያው ዕድሜያቸው በጠላት እጅ ወድቀው ወደ ሞቃዲሾ ተጋዙ። ያኔ ወደ ሶማሊያ መጋዝ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ደናኔን ማስታወስ ይበቃል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወዳለው ወደዚያ ካምፕ ተልከው በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። ታደሰ ግን ተረፉ። በ1933 እንግሊዞች ሞቃዲሾን ሲይዙ ነፃ ወጡ፤ ከዚያም ኬንያ ውስጥ የወታደር ትምህርት ተማሩ። የውትድርና ሕይወታቸው የጀመረው እንግዲህ ከእስር ቤት በር ላይ ነው።

አገራቸው ተመልሰው በጦር ሠራዊቱ ካገለገሉ በኋላ ወደ ፖሊስ ተዛወሩ። ደረጃ በደረጃ አድገው የፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዥ ሆኑ፤ ኮልፌ የሰፈረውን የፈጥኖ ደራሽ ኃይልም መሩ። ፈጥኖ ደራሽ ስሙ እንደሚለው ነው፤ ረብሻ ሲነሳ ቀድሞ እንዲደርስ የተቋቋመ የፖሊስ ጦር። ታኅሣሥ 1953 ላይ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአድማዎቹ ጎን ቆሙ። ምክትላቸው ታደሰ ግን ለዙፋኑ ታመኑ፤ ሙከራው እንዲከሽፍም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ማንዴላ መጀመሪያ አዲስ አበባ የመጣው በ1954 አጋማሽ ለአፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ነው። የትጥቅ ትግሉ ክንፍ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ገና መቋቋሙ ነበር። መሪው ደግሞ ጠበቃ እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ በክረምቱ መግቢያ ተመልሶ ኮልፌ ገባ። የታሰበው ለስድስት ወር ነበር።

ስለዚያ ጊዜ ማንዴላ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ልምምድ፣ ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሌላ ልምምድ። ተኩስ፣ ሞርታር፣ ቦምብና ፈንጂ መሥራት፣ ጠመንጃና ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም ጉዞ። ከ10 ሰዓት እስከ ማታ ደግሞ የጦር ሳይንስ ትምህርት፤ አስተማሪው ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ።

ከሁሉ የወደድኩት የአንድ ራት ገበታ ወሬ ነው። ኮሎኔሉ ለማንዴላ ያስረዱታል፤ የነፃነት ጦር እንደ መደበኛው ጦር አይደለም፣ ከግዳጅ ውጭ ስትሆን የመጨረሻውን ተራ ወታደር እንኳ እንደ እኩያህ አድርገህ ያዘው፣ እሱ የሚበላውን ብላ፤ በግዳጅ ላይ ግን ትእዛዝህ ጠንካራ ይሁን። ይህን እየተናገሩ ሳለ አንድ ሳጅን ገብቶ ስለ አንድ መቶ አለቃ ይጠይቃል። ኮሎኔሉ በቁጣ ይገላምጡታል፤ ከትልቅ ሰው ጋር ራት ላይ መሆኔን አታይም ብለው ያባርሩታል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ እኩልነቱ ማስተማራቸውን ይቀጥላሉ። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። አለቃ ያለው ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል።

ያ እንግዳ ማስጠበቅም ነበረበት። በዚያን ጊዜ ፈጥኖ ደራሽ የነበሩት ካፒቴን ጉታ ዲንቃ፣ ማንዴላን እንዲገድሉ ገንዘብ እንደቀረበላቸውና ነገሩን ለአለቆቻቸው እንዳጋለጡ ከብዙ ዓመት በኋላ መስክረዋል።

ሁለት ወር ገደማ እንደሆነው ከድርጅቱ ቶሎ ና የሚል መልእክት መጣ። ኮሎኔል ታደሰ ጉዞውን አመቻቹለት፤ ለስንብትም ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ማንዴላ ያን ሁሉ ጥይት መሸከም ሕፃን እንደ ማዘል እንደከበደው ጽፏል። አገሩ ከገባ ብዙም አልቆየ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ተያዘ። በእጁ የጻፋቸው ማስታወሻዎች በሪቮንያው ችሎት ማስረጃ ሆነው ቀረቡበት፤ በ1956 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

እኛ ታሪኩን እዚህ ጋ እናቆማለን። ከዚህ በኋላ ያለው «27 ዓመት ታስሮ ወጣ፣ ፕሬዚዳንት ሆነ» ነው። አስተማሪውስ?

ታደሰ ጄኔራል ሆኑ። ከፖሊስ ሥራቸው ጎን መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን የፊደል ሠራዊት በሊቀመንበርነት ይመሩ ነበር። ማን እንደተማረ፣ ማን እንዳልተማረ ከሊቀመንበር ወንበር ሲታይ ጥሩ አድርጎ ይታያል። በ1955 የተመሠረተውን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቀላቀሉ። ማኅበሩ በኦሮሞ አካባቢዎች ትምህርት ቤት፣ መንገድና ክሊኒክ ለማሠራት የተነሳ ነበር። በጄኔራሉ ስምና ንግግር ስብሰባው እየሰፋ ሲሄድ ቤተ መንግሥት ሰጋ።

ኅዳር 1959 ላይ ታደሰ መንግሥት ለመገልበጥ አሲረዋል ተብለው ታሰሩ። ያቺን ታኅሣሥ አስታወሳችኋት? ከስድስት ዓመት በፊት ዙፋኑን ከግልበጣ ያዳኑት ሰው፣ አሁን በዚያው ዙፋን ግልበጣ ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ከዚያ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው። የማኅበሩ አባል መቶ አለቃ ማሞ መዘምር ግን ተሰቀሉ። ጄኔራሉ ሐረርጌ ውስጥ ገለምሶ ተጋዙ። በዚያ ሰሞን ተማሪያቸው ሮበን ደሴት ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ሁለቱም የዕድሜ ልክ እስረኞች ሆኑ፣ ለየብቻ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ተፈቱ። ነፃነቱ ግን አልቆየም። ከአዲሱ መንግሥትም ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ሸፈቱ፤ ተያዙ። መጋቢት 1967 ላይ ደርግ ረሸናቸው። ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ከእስር ሲወጣ አስተማሪው ከሞቱ 15 ዓመት ሊሞላ ነበር።

አንዳንዱ ሰማዕት ይላቸዋል፣ ሌላው ሸፍታ ነበሩ ይላል። በዚህ መከራከር ይቻላል፤ ታሪክ ነውና ይገባልም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ማንዴላን ያለ ክርክር የወሰድነው እሱም በጊዜው በመንግሥቱ አሸባሪ የተባለና የተፈረደበት ሰው መሆኑን ረስተን ነው። የእሱ ወገን አሸነፈ፣ ስሙ በየአደባባዩ ተጻፈ። የታደሰን ስም ማንሳት ግን ሌላ ጥያቄ ይጎትታል፤ ማን አሰራቸው? ለምን? ማን ገደላቸው? የሌላ አገር እስረኛን መውደድ ይቀላል። ያሰረው እኛ አይደለንማ።

ለእህቴ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ትንሽ አስባ «ሽጉጡስ የት ገባ?» አለች። ሽጉጡን ሊሊስሊፍ የሚባል እርሻ ውስጥ ቀብረውት ነበር፤ ሲፈልጉት አላገኙትም። «እሱን እንኳ እየፈለጉ ነው» አለች።

በማግስቱ ታክሲያችን በዚያው አለፈ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ለጓደኛው «ማንዴላ እኮ እዚህ ነው የሰለጠነው» ሲል ሰማሁ። እህቴ ዞር አለችና «ማን እንዳሰለጠነው ታውቃለህ?» አለችው።