ባለቤት፤ ሚስትነት በታሪክና በልብ ወለድ፥ ከኢሉባቦር ከተሞች ሲታይ

በአማርኛ ለባልና ለሚስት የሚነገሩት ስሞች ራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ባል» የሚለው ቃል በግእዝ «በዓል» ከሚለው የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጌታ፥ የአንድ ነገር ባለመብት ማለት ነው፤ «ሚስት» የሚለው ግን «ብእሲት» ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ ሴት ከማለት የበለጠ ነገር አይናገርም። በሥረ ቃሉ ብንሄድ እንግዲህ አንዱ ወገን ባለንብረት፥ ሌላው ወገን ሴት ብቻ ነው። ነገር ግን ቋንቋችን በዚህ አልቆመም፤ ሁለቱንም እኩል የሚጠራበት «ባለቤት» የሚል ሦስተኛ ቃል አበጀ። የሰዋስው መምህራንም ይህንኑ ቃል ወስደው የዐረፍተ ነገርን አድራጊ «ባለቤት» ብለው ሰየሙት። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል፤ በቤት ውስጥ ባለቤት ተብላ የምትጠራው ሴት በታሪክ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት ሆና የምትገኘው መቼ ነው?

ጥያቄውን በኢሉባቦር ላይ ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጎሬ፥ ቡሬ፥ መቱ፥ ሁሩሙ፥ በደሌ እየተባሉ የሚጠሩት ቦታዎች ታሪካቸው ሲጻፍ ባብዛኛው የገዢዎች፥ የዘማቾችና የቡና ነጋዴዎች ታሪክ ሆኖ ይገኛል። የምኒልክ ጦር በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ወደዚህ አገር መጣ፤ ባሮን ተከትሎ በጋምቤላ በኩል ከሱዳን ጋር ንግድ ተከፈተ፤ በክረምት ወራት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ይመጣ፥ ቡናም ይጫን ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም «ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ድንኳን የተተከለበት ሁሉ ከተማ ሆኖ አልቀረም፤ ብዙው ሰፈር ጦሩ ሲነሣ ከአመዱ በቀር ምልክት ሳይተው ጠፍቷል። ሰፈሩን አገር የሚያደርገው ምድጃው አንድ ቦታ ሲቆይ ነው። እህሉን የሚያስፈጭ፥ ጠላውን የሚያስጠምቅ፥ ጠጁን የሚያስጥል፥ እንግዳውን በየማዕርጉ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሥራ የምትመራው ሚስት ነበረች። «የሚያስፈጭ» ያልነው አስበን ነው። በባለማዕርግ ቤት ወፍጮው ላይ የምትንበረከከው ገረዲቱ ወይም ባሪያይቱ እንጂ ወይዘሮዋ አልነበረችም። በአንድ ጓዳ ውስጥ ስለሚገኙ ሴቶች ሁሉ አንድ ታሪክ መጻፍ የማይቻለው ስለዚህ ነው፤ ወደዚህም ነገር ኋላ እንመለሳለን።

መቀመጫቸውን በጎሬ አድርገው ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው በታሪክ ከሚታወሱበት አንዱ፥ ገና ደጃዝማች ሳሉ በ1890 ዓ.ም. ጦራቸው እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ያደረገው ዘመቻ ነው። ስለ ሚስትነት በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላ ቦታ አላቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም ምክንያት ከሥራ በተለዩ ጊዜ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው የተመረጡት እርሳቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ይዘው የነበሩት ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተስማምተው፥ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው የታመሙትን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው።

የዚህን ውሳኔ መልክ ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። ሌላ መኰንን ሲሻር ወይ ይታሰራል፥ ወይ ይጋዛል፥ ወይ ርስቱ ይወረሳል። እቴጌይቱ ግን የተሻሩት ወደ ሚስትነት እንዲመለሱ በመታዘዝ ነው። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፥ እስከዚያ ቀን ድረስ የሠሩትን ሁሉ የሠሩት በዚሁ በሚስትነታቸው መሆኑ ነው። ምኒልክንና ጣይቱን በ1875 ዓ.ም. ያገናኛቸው ጋብቻ የቁርባን ጋብቻ ነበረ፤ ይኸውም እንደ ሰማንያው በዳኛና በሽማግሌ ፊት ተቋቁሞ በዳኛና በሽማግሌ ፊት የሚፈርስ ሳይሆን በሕግ የማይፈታ ነው። በዚያ ቃል ኪዳን ጸንተው ነው በፍል ውኃ አጠገብ አዲስ አበባ እንድትቈረቈር ያደረጉት፤ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ አጥብቀው የተቃወሙት፤ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውኃው እንዲያዝበት የመከሩት፤ በዓድዋም የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው የተሰለፉት። «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚለው ስማቸውም በማኅተማቸው ላይ የተቀረጸ እንጂ ለማሞገስ ብቻ የተነገረ አይደለም። እንግዲህ 27 ዓመት ሙሉ የሥልጣን በር የነበረው ሚስትነት በ1902 ዓ.ም. የበሩ መዝጊያ ሆነ።

ለመኳንንቱም ፍርድ መስጠት ካስፈለገ፥ ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። እቴጌይቱ የጎንደርና የስሜን ወገኖቻቸውን በሹመት ማብዛታቸው የሸዋን መኳንንት አስግቷል፤ ጠቡ የወንድና የሴት ብቻ ሳይሆን የአገርና የወገንም ጠብ ነበረ። ነገር ግን ጠቡ የፈለገውን ቢሆን፥ የተፈጸመበት ቋንቋ የጋብቻ ቋንቋ ነው። ራስ ተሰማ ራሳቸው ብዙ አልቆዩም፤ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። እቴጌይቱ ባላቸው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አስታመሙ፤ ከዚያም ወደ እንጦጦ ወጥተው በየካቲት 1910 ዓ.ም. በዚያው አረፉ።

በጠላት ወረራ ጊዜ የሆነውም ወደዚሁ ያመዝናል። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም በአርበኝነት ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከተገደሉ በኋላ ጦሩን ይዘው በመዋጋታቸው ነው። ባል ሲታመም ወይም ሲሞት ሚስቲቱ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ትሆናለች፤ ባልየው በጤና ሳለ የሠራችው በእርሱ ግስ ውስጥ ተጠቃሎ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሰሜኑ ሥርዐት ነው፤ ኢሉባቦር ግን ሌላም ሥርዐት ነበረው። በኦሮሞ ሥርዐት ልጅቱ ስትዳር እናቷ «ሲንቄ» የሚባለውን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄው የባልየው ስጦታ አይደለም፥ ባልየውም ሊወስደው አይችልም፤ ያገባች ሴት መሆኗን የሚያስከብር የራሷ ምልክት ነው። ያገባች ሴት ስትበደል ሌሎቹ ሚስቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩ ሳይክስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሁለት ተዋጊ ወገኖች መካከል ሲንቄ ይዘው ቢቆሙም ጦሩ ይገታል። እንደዚህ ባለው ሥርዐት ሚስትነት በባል በኩል ብቻ የሚገኝ ክብር ሳይሆን በሴቶች ማኅበር የሚጠበቅ ማዕርግ ነው። ባሕሉን ከመጠን በላይ አሳምረን እንዳናቀርበው ግን፥ በአንድ ባል ላይ ሁለትና ሦስት ሚስት መኖሩንና ባሏ የሞተባት ሴት ለባሏ ወንድም መውረሻ መሆኗንም አብረን ልንጽፍ ይገባል። በጎሬና በመቱ ገበያ የተገናኙት እንግዲህ ሁለት ሕዝቦች ብቻ አይደሉም፤ ስለ ሚስት ያላቸው አሳብ የተለያየ ሁለት ሕጎችም ተገናኝተዋል።

ወደ ልብ ወለዱ እንለፍ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፥ የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ በሮም የታተመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ከመራቃቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ለአገር ትዞራለች፥ ትደፍራለች፥ ትመክራለች፤ መጽሐፉ የሚፈጸመው ግን በሠርግ ነው። የሴት ልብስ ከለበሰችና ሚስት ከሆነች በኋላ ምን እንደ ሠራች ደራሲው አይነግረንም። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት «የልብ አሳብ» ጋብቻን ራሱን የመጽሐፋቸው ጉዳይ አደረጉት። «የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የሚለው የመጽሐፉ ንኡስ ርእስ የሙሽሪትን ስም ከሙሽራው ስም አጠገብ አውጥቶ ማስቀመጡ ለዘመኑ ትንሽ ነገር አይደለም። እንደ ድርሰት የአፈ ወርቅ ሥራ የበለጠ ሕይወት እንዳለው አንክድም፤ የኅሩይ ዓላማ ምክር ስለ ሆነ ሰዎቹ አንዳንድ ጊዜ ደራሲው እንዲሉ የፈለገውን ብቻ ይላሉ። ስለ ሚስት ግን ከኅሩይ የበለጠ እንማራለን።

ሐዲስ ዓለማየሁን ከኢሉባቦር ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ አለ። ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ምዕራብ ካፈገፈጉት አንዱ ነበሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ከተለቀቀች በኋላ ጦሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጁን ሲሰጥ እርሳቸውም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ጎጃም እንጂ ስለ ኢሉባቦር አይናገርም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን የሚጀምርበት መንገድ ነው። አንባቢው ሁሉ የሚያስታውሰው ሰብለ ወንጌልን ነው፤ መጽሐፉ የሚከፈተው ግን በውድነሽ በጣሙ፥ ባሎቿ እየሞቱባት ወንዶች ሊያገቧት በፈሯት ባላገር ሴት ነው። ሰብለ ወንጌል በአባቷ ትዕቢት ባል ያጣች፥ ለሠርግ ያልደረሰች ሴት ናት፤ ውድነሽ ግን ከሠርግ በኋላ ያለውን ኑሮ፥ ድህነቱንም ሐሜቱንም የምታውቅ ናት። ይህ ጸሐፊ ከሁለቱ የውድነሽን ገጾች ያስበልጣል፤ ብዙ አንባቢ እንደማይስማማ ያውቃል።

አሁን ወደ ሁሩሙ እንመለስ። ከመቱ ብዙ በማይርቀው በዚህ ቦታ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ስሙ በኦሮምኛ የሚፈታ፥ የሚተረጕም ማለት ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያ ነፃ ወጥቶ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። (የሚስዮኑ መዝገብ በዚሁ አቈጣጠር ስለ ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደዚያው ናቸው።) ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ስዊድን ሄደው ከተማሩ በኋላ አዲስ ኪዳንን በ1893፥ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተሙ። ይህን ታሪክ የኢሉባቦር ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሚስቶች አሉ። የመጀመሪያዪቱ ከስዊድን ሲመለሱ ያገቧቸው ምሕረት ኃይሉ ናቸው፤ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ያገቧቸው ሊድያ ዲምቦ ናቸው። በተለምዶ በሚተረከው የኦነሲሞስ ሕይወት ውስጥ ስለ ሁለቱ የሚነገረው ከጋብቻቸው ብዙ አያልፍም፤ አንዱ መሥመር ሠርግ ነው፥ ሌላው መሥመር ሞት ነው። ከሁለቱ መሥመሮች መካከል ያለው ዘመን የትርጕሙ ሥራ የተሠራበት ዘመን ነው።

ከእነርሱ ጎን አስቴር ጋኖን እናገኛለን። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነው፥ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በመርከብ ሲወሰዱ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ይዘው ነፃ ያወጧቸው ናቸው። በእምኩሉ ተምረው ለትርጕሙ መሠረት የሆነውን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አጠናቀሩ፤ 500 የሚያህሉ እንቈቅልሾችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታቸው ጻፉ፤ ብዙዎቹም በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። ኦነሲሞስ ከአገራቸው በሕፃንነት በመውጣታቸው ያጡትን የቋንቋ ሀብት ያሟሉላቸው እኚህ ሴት ናቸው። በ1904 ሁሉም ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ አስቴር መምህር ሆኑ።

አስቴርን ዛሬ የምናውቃቸው በማንም ባል ስም አይደለም፤ የሥራቸው ወረቀት በመኖሩ ነው። ምሕረትና ሊድያ ግን የታወቁት በባላቸው ስም በመሆኑ ሥራቸው ከባላቸው ሥራ ተለይቶ አልተጻፈም። በአንድ ቤት፥ በአንድ ሥራ ዙሪያ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ከላይ በጓዳው ውስጥ ያየነው ሥርዐት እዚህ ተገለበጠ፤ ቀድሞ ባሪያ የነበረችው ሴት ባለታሪክ ስትሆን ሚስቲቱ በወይዘሮነቷ ተሸፈነች።

የኢሉባቦርን ከተሞች የሚያጠኑ ተማሪዎች ከዚህ ምን ሊወስዱ ይችላሉ? የገዢዎችን ዝርዝር ከመድገም ይልቅ የሰማንያ ውሎችን፥ የፍችና የውርስ ክርክሮችን ቢፈልጉ ይሻላል። በጎንደር ዘመን የርስት ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች ሻጭና ገዢ፥ አውራሽና ወራሽ ሆነው በብዛት መገኘታቸውን የመሬት ታሪክ ሊቃውንት አሳይተዋል፤ ዜና መዋዕሉ የማይናገረውን የሽያጭ ውል ይናገራል። ሕጉም ራሱ ሊነበብ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው ቍጥር ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አደረገ፤ በ646ኛው ቍጥር ደግሞ ባልየው አሽከር ወይም ገረድ ሊያቆምላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ አዘዘ። ይህም የጋብቻ ምዕራፍ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ተሽሮ ባልና ሚስት በአስተዳደሩ እኩል እስኪሆኑ ድረስ፥ ኦሮሚያም ከዚያ በኋላ የራሷን የቤተ ሰብ ሕግ እስክታወጣ ድረስ፥ በመቱና በጎሬ ፍርድ ቤቶች የዳኞች መመሪያ ይኸው ነበረ። አስቴር ጋኖ ያረፉት ይህ የ1952ቱ ሕግ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ነው።