ሁለተኛው ሰው የት ሄደ?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ነገሥታት አላወራም፤ ስለ መጋዝ ነው። "መጋዝ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?" የምትሉ ካላችሁ እስኪ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ድሮ ትልቅ ዛፍ የሚወድቀው በመጥረቢያ ነበር። ጊዜ ይፈጃል፣ ብዙ እጅም ይጠይቃል፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ቆሞ ያያል። ቀጥሎ የመጣው ባለ ሁለት እጀታ መጋዝም ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ጣውላ ሲሰነጠቅ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ይስባል። የዛፉ ጫፍ ሲነቃነቅ አንዱ ባያይ ሌላው አይቶ "ሽሽ!" ይላል።

የሞተር መጋዝ (ቼንሶ የምንለው) ሲጀመርም እንደዚያው ነበር። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 የሠራው የኤሌክትሪክ መጋዝ ሁለት ሰው የሚይዘው ከባድ ዕቃ ነበር። በ1947 አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ የጥንዚዛ እጭ እንጨት ሲበላ አይቶ አዲስ የሰንሰለት ጥርስ አወጣ። በ1950 ደግሞ ሽቲል አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘውን መጋዝ ለገበያ አቀረበ። ታሪኩ የዞረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ቀረ።

እሱን ለመተካት ሌላው ዓለም ብዙ ደከመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰንሰለት ፍሬን መጣ፤ የራስ ቁር፣ መከላከያ ሱሪና ሥልጠናም ተጨመረ። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑ ብቻውን ነው የደረሰው።

የካፋን የተፈጥሮ ደን ቁረጡ እያልኩ አይደለም። ወደ 760 ሺህ ሄክታር የሚሆነው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው ቡናው፣ ማሩና ደኑ አብረው ስለሚኖሩ ነው። እኔ የማወራው በቦንጋ ዙሪያ ተዳፋት ላይ ስላለው የራሳችን ባህር ዛፍና ነፋስ ስለጣለው ዛፍ ነው። ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ እግር ይንሸራተታል፤ ሐረግ ያሰረው ዛፍ ደግሞ ሲወድቅ የጎረቤቱን ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ፦ ዛፉ ወዴት ያዘነብላል? የደረቀ ቅርንጫፍ አለ? መሸሻችሁን ከኋላ በኩል በሰያፍ አጽዱ። በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ውፍረት አንድ አምስተኛ ያህል አፍ ክፈቱ። ከኋላ ስትቆርጡ ጨርሳችሁ አትበጥሱት፤ አንድ አስረኛው እንደ በር ማጠፊያ ይቅር፣ ዛፉን የሚመራው እሱ ነው። ቅርንጫፍ ስትመለምሉ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል ቁሙ፣ ግንዱ በእናንተና በመጋዙ መካከል ይሁን። የመጋዙ አፍንጫ እንጨት ከነካ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ እናንተ ነው የሚወረወረው። ግንዱን ደግፎ የያዘውን ቅርንጫፍ መጨረሻ ላይ አስቀሩት።

ከሁሉም በላይ ግን ሁለተኛውን ሰው መልሱት። ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ ይቁም። ሞተሩ ጩኸት ስለሚውጥ በእጅ ምልክት ተግባቡ፤ የኋላውን ቁርጥ ከመጀመራችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩት።

ካስተማርኳችሁ ውስጥ በዚህ ሥራ ልጆች የምታሳድጉ አላችሁ። አንድ ሰው ጨምሮ መቅጠር ገቢን እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ሆኖም ብቻውን ግንድ ሥር የወደቀ ሰው ማን ይድረስለት?

እስኪ ደግሞ አባቶቻችሁን ጠይቁልኝ፦ ዛፍ ሲወድቅ ምን ብለው ነበር የሚጣሩት? በካፊኖኖ ከነትርጉሙ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ያ ጥሪ እንዳይጠፋብን።