ከኮርዱ በፊት ቅኝቱ

ሰሜን ወሎ፣ ኮን ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ዩኩሌሌ መማር ቢያምረው ስልኩን መክፈት ብቻ ይበቃዋል። አራት ክር፣ አራት ኮርድ፣ "ጣትህን እዚህ አድርግ፣ ምታ" ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ዘፈን ይወጣዋል። ያው ወጣት ክራር ልማር ቢል ግን የሚችል ሰው ፈልጎ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ የእጁን እንቅስቃሴ በዓይኑ መልቀም አለበት። ክራር ከዩኩሌሌ ይከብዳል እንዳንል ቁጭ ብሎ ለሞከረው እንደዚያ አይደለም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ዩኩሌሌ ራሱ የስደተኛ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ሬቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቹጋሏ ማዴይራ ደሴት ሠራተኞችን ጭና ሃዋይ ሆኖሉሉ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ዦዜ ዶ ኢስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ ሦስት የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። የአገራቸውን ትንሽ ጊታር እዚያው በተገኘ እንጨት ሠሩት። ንጉሥ ካላካዋ ወደደው፤ ቤተ መንግሥት አስገባው። ከዚያ በኋላ መማሪያ መጽሐፉ መጣ፣ የጣት ሥዕሉ መጣ፣ አሁን ደግሞ ቪዲዮው መጣ። ዕቃውን ዓለም ላይ የበተነው ድምፁ ብቻ ሳይሆን የተዘጋጀለት ትምህርት ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። የዩኩሌሌ አራት ክሮች የሚቃኙት ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ነው። የእኛ ትዝታ ቅኝት (ሜጀሩ) ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ልብ በሉ! ያ የኮን ወጣት ዩኩሌሌውን ምንም ሳይጫን ባዶውን ቢመታው ከትዝታ አምስት ድምፆች አራቱ ይሰሙታል። የጎደለችው ሬ ብቻ ናት፤ እሷንም የዶን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቢጫን ያገኛታል።

ችግሩ የሚመጣው ከኮርዱ ጋር ነው። ለጀማሪ መጀመሪያ የሚሰጡት ኮርዶች ብዙውን ጊዜ ሲ ሜጀር፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ ሜጀር እና ጂ ሰቨን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ አንድ ጣት የሚያዙና ከትዝታ ድምፅ የማይወጡ ናቸው። ኤፍ ግን ፋን ያመጣል፤ ጂ ሰቨን ደግሞ ፋንም ሲንም ያመጣል። ትዝታ ውስጥ ፋም የለ፣ ሲም የለ። ስለዚህ ልጁ አራተኛውን ኮርድ ሲጨርስ ጆሮው ከእናቱ እንጉርጉሮ ወጥቶ ሌላ ቤት ገብቷል። መግባቱ ነውር አይደለም፤ የራሱን ቤት ሳያውቅ መውጣቱ ነው የሚያሳዝነው።

የክራር አካሄድ ሌላ ነው። ዩኩሌሌ ላይ ጣት የሚጫነው ድምፅ ለማምጣት ነው። ክራር በግርፍ ሲመታ ግን የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን ያፍናሉ፤ የምትፈለገዋ ክር ላይ ያለው ጣት ሲነሳ እሷ ብቻ ትናገራለች። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መቃኘት አለ። ክሩ ለትዝታ ወይም ለባቲ፣ ለአምባሰል ወይም ለአንቺሆዬ አስቀድሞ ይቃኛል። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ አገር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ባለጸጋ አገር ለክራር የመማሪያ መንገድ ያልሠራው ማስተማር ስለማያውቅ ነው? በፍጹም። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዋድላ ደግሞ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ማንም ከላይኛው ደረጃ ላይ አይጀምርም። ዜማውም እንዲሁ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለያሬድ ዜማ ምልክት አበጁለት።

ክራር ይህን ዕድል አላገኘም። በገና የዳዊት ተብሎ ሲከበር ክራር የጠጅ ቤትና የዘፈን ዕቃ፣ ባስ ሲልም የሰይጣን መሣሪያ ተባለ። ሊቁ ዜማ ሲያስተምር ክራር ደርዳሪው "አዝማሪ" ተብሎ ተናቀ። የተናቀ ሙያ መምህር ይኖረዋል፣ ጉባኤ ግን አይኖረውም። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴ፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ክራርን ያስከበሩት በዚያ ንቀት መሐል አልፈው ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ለብዙ ወጣት ክራር አስጨብጠው ነበር፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ቡድኖቹም ተበተኑ። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር ያስተምራል፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ነው፣ የሚገባውም ጥቂት ሰው ነው።

አንዳንዶች "አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየታመሰች ስለ ክራር ታወራለህ?" ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አወራለሁ። ላስታና ዋድላ ጦርነት አልፎባቸዋል። ሽማግሌ ሲሞት በቃል ብቻ የያዘው ሙያ አብሮት ይቀበራል፤ ትምህርት ቤት ሲወድም እንደሚሠራው ያ ተመልሶ አይሠራም።

የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። በትዝታ የሚጀምር፣ አንድ ቅኝት፣ አንድ የጣት ሥዕል፣ አንድ ቀላል ዜማ ያለበት፣ ከዚያ ወደ ባቲ የሚያሻግር፣ በአማርኛ የተዘጋጀ አጭር መማሪያ ይበቃል። ልክ እንደ ጉባኤ ቃናው፣ ከትንሹ ተነስቶ። ቪዲዮም ይሁን በራሪ ወረቀት፣ የሚችሉት አባቶችና እናቶች በሕይወት እያሉ ይዘጋጅ።

ዩኩሌሌውንም ልጆቻችን ይማሩት፣ ደስ ይላል። ግን የመጀመሪያውን ኮርድ ከመያዛቸው በፊት ባዶውን ክር ይምቱና የሚሰሙት ድምፅ የማን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አይጣ።