የናሼልስክ ሦስት ደቂቃዎች

የሲኒማ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የጸሐፊዎች ብዕር የሚያዘወትረው ስለ ታላላቅ ስቱዲዮዎች፣ ስለ ስመ ጥር አዘጋጆችና ስለ ዝነኛ ተዋንያን ነው። ተራው ሰው በገዛ እጁ ያነሣው፣ ሕፃን ሲድህ፣ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ፣ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲስቅ የሚያሳየው የቤት ፊልም ግን ከታሪኩ ደጅ ውጭ ቆሞ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ችላ የተባለ ፊልም የማንንም ዝና ለማግነን ወይም የማንንም ሸቀጥ ለመሸጥ ያልተቀነባበረ በመሆኑ፣ የሕዝብን የዕለት ኑሮ ሌላ ማስረጃ በማይገኝበት ሥፍራ ይዞ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህም ፊልሙ ከሚፈርሰው ጥቅሉ ወደ ዲጂታል ቅጂ የሚሻገርበት መንገድ የቴክኒክ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የቤት ፊልም ወደ ገበያ የወጣው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1922 የፈረንሳዩ ፓቴ ኩባንያ ባለ 9.5 ሚሊሜትሩን፣ በ1923 ደግሞ የአሜሪካው ኮዳክ ባለ 16 ሚሊሜትሩን ፊልም አቀረቡ። የኮዳክ ካሜራ ከማሳያ መሣሪያውና ከመጋረጃው ጋር 335 ዶላር ይሸጥ ነበርና ለጊዜው ከሀብታሙ መደብ ሳሎን አልወጣም። በ1932 የመጣው የ8 ሚሊሜትር ካሜራ በ29.50 ዶላር መሸጡ፣ በ1965ም ሱፐር 8 የተባለው ባለ ካርትሬጅ ፊልም መከተሉ ነገሩን ወደ ሠራተኛው ቤት አቀረበው። የሲኒማ ቤቱ የናይትሬት ፊልም ክብሪት እንደነካው ጭድ የሚቀጣጠል ስለ ነበረ፣ ለቤት የሚሆነው በቀላሉ ከማይነድ አሴቴት ይሠራ ነበር።

እንዲህ ካሉት የ16 ሚሊሜትር ካሜራዎች አንዱን ይዞ፣ ዴቪድ ከርትዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1938 የበጋ ወራት ከባለቤቱና ከወዳጆቹ ጋር አውሮፓን ጎበኘ። ሰውየው የተወለደው ከዋርሶ በስተሰሜን በምትገኘው በትንሿ የፖላንድ ከተማ በናሼልስክ ሲሆን፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ነበር። በጉዞው ላይ ወደ ትውልድ ከተማው ጎራ ብሎ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ከፊሉን በቀለም ከፊሉን በጥቁርና ነጭ አነሣ። በፊልሙ ሕፃናት ካሜራው ፊት ለመታየት ሲጋፉ፣ ከምኵራብ የሚወጣ ሕዝብ ደረጃውን ሲሞላ ይታያል። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። በተከታዩ ዓመት ጀርመን ፖላንድን ወረረች፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1939 ናዚዎች የናሼልስክን አይሁድ ከየቤታቸው ነድተው አስወጡ። በከተማይቱ ይኖሩ ከነበሩት 3,000 ያህል አይሁድ ከጦርነቱ የተረፉት 100 አይሞሉም።

ጥቅሉ ግን አሜሪካ ቀረ፤ በ2009 የከርትዝ የልጅ ልጅ፣ ደራሲው ግሌን ከርትዝ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከወላጆቹ ቁም ሣጥን ሲያገኘው ፊልሙ ተጣብቆ ጠጥሮ ነበር። አሴቴት በቀላሉ አይንደድ እንጂ ሞት አልቀረለትም። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ውስጡ ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ያወጣል። ጣሳው ሲከፈት አፍንጫን የሚመታው ሽታ የሰላጣው የአቼቶ ሽታ ራሱ ነው። የከፋው ደግሞ የወጣው አሲድ ተመልሶ ጥፋቱን ማፋጠኑ፣ አጠገቡ ለተቀመጠውም ጥቅል መትረፉ ነው። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ይሰባበራል። ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መቀራረብ ሲጀምሩ የአሮጌው ማሳያ መሣሪያ ጥርሶች ቦታቸውን ስተው ፊልሙን ይዘነጥሉታል። እስቲ አንድ ጊዜ ልየው ብሎ አሮጌ ጥቅል በአሮጌ መሣሪያ ላይ የሚያዞር ሰው የሚያየው የፊልሙን የመጨረሻ ትርኢት ሊሆን ይችላል።

የከርትዝ ፊልም በዋሽንግተን ለሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ተሰጠ። በሜሪላንድ የሚገኝ ላቦራቶሪም አላቆ ወደ ዲጂታል አዛወረው። የዛሬው የፊልም ስካነር ጥርስ አያስፈልገውም፤ ፊልሙን በለስላሳ ተሽከርካሪዎች እየሳበ፣ በማያግል ብርሃን እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ያነሣል። ይህ ከሰማንያዎቹ ዓመታት ልማድ እጅግ የራቀ ነው። ያኔ ብዙ ቤተሰብ ፊልሙን ግድግዳ ላይ እያሳየ በቪዲዮ ካሜራ ይቀዳ ነበር፤ ምስሉ ይርገበገባል፣ ዳር ዳሩ ይቆረጣል፣ ቀለሙ ይገረጣል። ከዚያም አልፎ «አሁንማ ካሴት አለን» ተብሎ ዋናው ጥቅል ወደ ቆሻሻ የተጣለበት ቤት አለ። ካሴቱ በተራው ሲያረጅ ሁለቱም ጠፉ። ቁም ጸሐፊ አዲሱን ብራና ስለ ጨረሰ የገለበጠበትን አሮጌ መጽሐፍ እሳት ውስጥ አይጥልም።

የፍጥነቱም ነገር ቀላል አይደለም። የድምፅ አልባው የቤት ፊልም የሚነሣው በሰከንድ 16 ወይም 18 ምስል ሆኖ ሳለ በ24 ወይም በ25 ቢዞር፣ ሽማግሌው እንደ ቀልደኛ ይንቀጠቀጣል፣ እናቲቱ እንደ አሻንጉሊት ትሮጣለች። በዚህ ስሕተት ሳቢያ ያለፈው ትውልድ ለመሳቂያ ሲቀርብ መኖሩ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

የናሼልስክ ፊልም በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጊዜ፣ በ2011 አንዲት አሜሪካዊት ስታየው አንዱ ልጅ የገዛ አያቷ መሆኑን ለየች። የ13 ዓመቱ ልጅ ከእልቂቱ ተርፎ፣ አርጅቶ በሕይወት ነበር። እርሱም የሌሎቹን ልጆች ስም ተናገረ፤ የባርኔጣዎቻቸው ልዩነት ምን እንደሚያመለክት ሳይቀር አስረዳ። አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጥቅል ይህን ምስክር ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ያገናኛቸው ዲጂታል ቅጂው ነው። በ2014 ግሌን ከርትዝ መጽሐፍ ጻፈበት፤ በ2021ም የኔዘርላንድስ ተወላጇ ቢያንካ ስቲግተር ሦስቱን ደቂቃዎች ደጋግማ እየመረመረች ረዘም ያለ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። አጥኚዎች በአንድ ሱቅ በር ላይ ያለ የደበዘዘ ጽሑፍ ለማንበብ ብዙ ደክመዋል።

የዛሬዎቹ ማሽኖች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በቅጽበት «ያጠሩታል»፤ በሁለት ምስሎች መካከልም ያልነበረ ሦስተኛ ምስል ይሰፋሉ፣ ጥቁርና ነጩን ቀለም ይቀቡታል። ለትርኢት ያምር ይሆናል። ነገር ግን ማሽኑ የሚጽፈው ፊደል ከፊልሙ የተነበበ ሳይሆን ከግምት የተወለደ ፊደል ነው፤ ለሟች ባለሱቅ የሐሰት ስም መስጠት ደግሞ እድሳት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ያልተነካካው ቅጂ ለብቻው ሊቀመጥ፣ የተሻሻለውም ምኑ እንደ ተሻሻለ ሊጻፍበት ይገባል። ሃርድ ዲስክም ድንገት ይሞታልና ቅጂው በሁለት በሦስት ቦታ መኖር፣ በየጊዜውም መታደስ አለበት፤ ጥቅሉም በቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ቢቀመጥ ጥፋቱ እጅግ ይዘገያል።

በሦስቱ ደቂቃዎች ከ150 በላይ ፊቶች ይታያሉ። ስማቸው ሊታወቅ የቻለው የጥቂቶቹ ብቻ ነው።