ከእስር ካምፕ እስከ ሙዚየም

እዚህ ቤር ሸቫ እናቶች «ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ምን እማራለሁ?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብን አነሣላቸዋለሁ። ቀይ ሽብርን ሸሽተው ከአገር ሲወጡ የሶማሊያ ወታደሮች ያዟቸው፤ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ካምፕ ቆዩ። እዚያ የጻፏቸው ግጥሞች ኋላ «የት ነው?» በተባለው መጽሐፋቸው ታተሙ። በ1989 እ.ኤ.አ. ተፈትተው አሜሪካ ሲገቡ ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ነበር። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሥነ ጥበብ እስከ ማስተርስ ዲግሪ ተማሩ። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጻቸው ስለ ጦርነትና ስለ ግፍ ይናገራል። በ2003 ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም፣ ከነእስክንድር ቦጎሲያን ሥራዎች ጎን ታየላቸው። በኒውዮርክም የኮሌጅ መምህር ሆኑ።

አንዲት እናት ይህን ሰምታ «የእኔን ልጆች ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የመዖኑን ቅጽ አብረን ሞላን።