ሁለቴ የተሰየመው የደብረ ብርሃን እሬት

ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ሳይረግጥ አያልፍም። በዚያ አካባቢ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅለውን እሬት ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። የአገሬው እናት ልጇን ጡት ለማስጣል ምሬቱን ስትጠቀምበት፣ የሳይንሱ ዓለም ደግሞ ሁለት ጊዜ ስም አውጥቶለታል።

መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1947 ባዝል ክርስቲያን «አሎ ደብራና» ብሎ ገለጸው። ሰውየው በደቡብ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ኢዋንሪግ በሚባለው እርሻው ላይ እሬት እየሰበሰበ የሚተክል ገበሬ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ የጆሃንስበርጉ መነጽር ሠሪ ጊልበርት ሬይኖልድስ ያንኑ ተክል እንደ አዲስ ዝርያ ቆጥሮ «አሎ በርሃና» አለው። አንዱ የከተማዋን ስም ከፊቱ፣ ሌላው ከኋላው ቆርሶ ወሰደ። በዕፅዋት አሰያየም ሕግ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናልና የሬይኖልድስ ስያሜ ተጣለ። በዚያው በ1957 ለደብረ ሲና የሰጣት «አሎ ሲናና» ግን ከነስሟ አለች።

በእሬት እንዲህ መሳሳት ብዙም አያስገርመኝም። ሌላ ተክል በወረቀት መሐል ተጭኖ በቀናት ይደርቃል። እሬት ግን ውኃ ያዘለ በመሆኑ ቅጠሉ ካልተሰነጠቀ ወይም በፈላ ውኃ ካልተነከረ ለሳምንታት አይሞትም፤ ሲደርቅም ቀለሙና ቅርጹ ይጠፋል። ዝርያ የሚለየው በአበባው ርዝመትና ቀለም፣ በአበባ ዘንጉ ቅርንጫፎች፣ በቅጠሉ ጠርዝ እሾህ ነውና ቦታው ድረስ ሄዶ ሕያዉን ያላየ ሰው በቀላሉ ይታለላል።

ሄዶ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የበረከተው በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት ፕሮጀክት አዲስ አበባንና የስዊድኑን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ካጣመረ ወዲህ ነው። በ1997 ሰብስቤ ደምሰው ከማይክል ጊልበርት ጋር ከአንኮበር ገደል ላይ ቁልቁል የሚንጠለጠለውን እሬት «አሎ አንኮበረንሲስ» ብለው አሳተሙ። በዕፅዋት ጥናት ከዝርያው ስም ቀጥሎ የገላጮቹ ስም ይጻፋል፤ ስለዚህ የአንኮበር እሬት በተጠራ ቁጥር ሰብስቤም አብረው ይጠራሉ። ሕጉ ግን ያኔም አዲስ ዝርያ በላቲን ካልተገለጸ አይቀበልም ነበር። ግዴታው የተነሣው በ2012 ነው።